ቢስክሌት የሚገዛ ዳገቱን ይጠይቅ

የቢስክሌት ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። የመጀመሪያው ለሻጩ የሚቆጠረው ብር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከግዢው በኋላ በየጊዜው ለጎሚስታው፣ ለመካኒኩና ለገዛ ጉልበት የሚከፈለው ነው። በገበያ ላይ ድምፅ ከፍ አድርገን የምንከራከረው ስለ ፊተኛው ብቻ ሲሆን፣ ኪስን ቀስ እያለ የሚያራቁተው ግን ኋለኛው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለ ኋለኛው ዋጋ ይናገራል። በተለይም ማርሹ በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ የተደበቀውን፣ ለረጅም መንገድና ለጭነት የሚሆነውን ቢስክሌት ለመግዛት ለሚያስብ ተማሪና አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የታሰበ ነው።

ጉዳዩ እንደ ጨዋታ የሚታለፍ አይደለም። ደመወዝ ከጀመረ ብዙ ያልቆየ ወጣት ቢስክሌት የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በዕቁብ ዕጣ ነው። ዕጣው ከደረሰው በኋላም የቀረውን ዙር ሳያጓድል መክፈል አለበት። ቢስክሌቱ በሦስተኛው ወር ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፎ የቀረ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ የማይነዳውን ነገር ዕዳ እየከፈለ በእግሩ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ የሚያስቈጭ ነገር የለም።

ምሳሌያችንን ከአንድ የታወቀ አገር እናንሣ። በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ የተመደበ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ አለ እንበል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው አውራ ጎዳና ሐሙሲት ላይ ተገንጥሎ፣ በአንበሳሜ አልፎ ወደ እስቴ የሚዘልቀው መንገድ የሥራ መንገዱ ነው። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ በበጋ አቧራና ኮረት፣ በክረምት ጭቃ ይቀበለዋል። አንድ ቀን ደግሞ ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ያስፈልገው ይሆናል። የጣና ሐይቅ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የሚገባ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ወደ 900 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ይወጣል ማለት ነው።

ታዲያ ይኸ ሰው ቢስክሌቱን ከወዴት ይገዛል? ቅርቡ ትልቅ ገበያ ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር በሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ከጥንት ጀምሮ በቢስክሌት ነጂዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የቢስክሌቱ ብዛት ቢሳሳም፣ ምርጫውም ባለሙያውም አሁንም እዚያው ይገኛል። ወጥመዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ገዢው ቢስክሌቱን የሚሞክረው በሜዳ ሲሆን የሚነዳው ግን በዳገት ነው። በሜዳ ላይ መጥፎ የሚባል ቢስክሌት የለም፤ ጎማው የተነፋ ሁሉ ይሄዳል።

የብረትን ዋጋ የሚናገረው ዳገት መሆኑን የዚህ አገር ታሪክ ራሱ ያስተምራል። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወሰድ፣ መንገድ እየተጠረገለት በብዙ መቶ ሰው እየተጎተተ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። የጋፋት ሥራ በእሳት ቢያልቅም፣ ትልቁ ወጪ የተከፈለው በገደሉና በዳገቱ ላይ ነበር። የእኛ ቢስክሌት 20 ኪሎ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። የቢስክሌት ማርሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በውጭ የሚታየው ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ጥርስ እየዘለለ ይሠራል። ሁለተኛው በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ የተዘጋው ነው። በዚህኛው ሰንሰለቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ፍጥነትን የሚለዋውጡት በእምብርቱ ውስጥ አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። ጭቃ፣ አቧራና ገለባ ስለማይደርስባቸው፣ እንደ ደራና እንደ ፎገራ ላለ የክረምት ጭቃ አገር ይኸ ትልቅ ጥቅም ነው። በውጭ ያለው ማርሽ ግን ቢስክሌቱ በወደቀ ቁጥር ይጣመማል፤ ጭቃም ሲገባበት ሰንሰለቱን ይጥላል።

በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 የተመሠረተው ስተርሚ አርቸር ነው። ኤ ደብልዩ የተባለው ባለ ሦስት ማርሽ ሥሪቱ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጥቶ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ለታይዋኑ ሰንሬስ ተሸጧል፤ ባለ ሦስት ማርሽ እምብርትም እዚያ መሠራቱ አልቀረም። የጃፓኑ ሺማኖ ኔክሰስ በሚል ስም ባለ 3፣ ባለ 7 እና ባለ 8 ማርሽ ያቀርባል። የጀርመኑ ሮሎፍ ባለ 14 ማርሽ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ ዋጋ ከብዙ ሙሉ ቢስክሌት ስለሚበልጥ እዚህ ላይ ስሙን ጠርቶ ማለፍ ይበቃል።

ሻጭ ሁሉ የሚያመሰግነው ሁለት ነገር ነው፤ «ቀላል ነው» ይላል፣ «ማርሹ ብዙ ነው» ይላል። እስቲ ሁለቱንም በሒሳብ እንመርምራቸው።

ነጂው 60 ኪሎ፣ ቢስክሌቱ 20 ኪሎ፣ ጭነቱ 10 ኪሎ ይሁን፤ ድምሩ 90 ኪሎ ነው። ልከኛ ጉልበት ያለው ሰው ሳይቸኩል ሲረግጥ 100 ዋት ያህል ኃይል ይሰጣል። በዚህ ኃይል 90 ኪሎን 900 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ፣ የነፋሱና የመንገዱ ትግል ሳይቈጠር፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቢስክሌቱ በአንድ ኪሎ ቢቀል የሚተርፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ ማርሹ እምብርት ውስጥ በመሆኑ የሚጨመረው ክብደት የሚያስፈራ አይደለም፤ ስለ አንድ ኪሎም ብዙ ብር መጨመር ትርፍ የለውም።

ማርሹን ግን እንለካው። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ያህል ይሄዳል። ፊት 46 ጥርስ፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ ሦስት ማርሽ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር በመካከለኛው ማርሽ 5.30 ሜትር ይጓዛል። በዝቅተኛው ሦስት አራተኛውን፣ ማለት 3.98 ሜትር ይሄዳል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚያወጣ ዳገት ላይ ያ ባለ 100 ዋት ሰው ፍጥነቱ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ፔዳሉ በደቂቃ የሚዞረው 29 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ይኸ ለጉልበት መገጣጠሚያ እጅግ ከባድ ስለሆነ ነጂው ወርዶ መግፋቱ አይቀርም።

አሁን የኋላውን ጥርስ ብቻ በ22 እንለውጠው። ዝቅተኛው ማርሽ 3.25 ሜትር ይሆናል፤ ፔዳሉም በደቂቃ ወደ 35 ጊዜ ይዞራል። አሁንም ከባድ ነው፤ ግን አጭር ዳገት ያሻግራል። የሺማኖ ባለ 8 ማርሽ በዚያው የጥርስ ቍጥር ዝቅተኛው 2.29 ሜትር ሲሆን ፔዳሉ 50 ጊዜ ይዞራል፤ እዚህ ላይ ሰው ተቀምጦ መውጣት ይችላል።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። በአንበሳሜ ዙሪያ ወደ ቅርብ ቀበሌ ለሚመላለስ ሰው፣ የኋላ ጥርሱ ወደ 22 የተለወጠ ባለ ሦስት ማርሽ ይበቃዋል፤ ለውጡም ከማንኛውም ማሻሻያ የረከሰ ነው። ደብረ ታቦርን በየጊዜው ለሚወጣ ግን ባለ 7 ወይም ባለ 8 ማርሽ እውነተኛ ጥቅም አለው። ስለዚህ ሻጩን ከመጠየቅ በፊት ገዢው ራሱን «በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ወደ የትኛው ዳገት?» ብሎ ይጠይቅ።

ያገለገለ ቢስክሌት የሚመረምር ሰው ዐይኑን ከቀለሙ አንሥቶ ወደ ኋላው እምብርት ያውርድ። በብዙዎቹ የስተርሚ አርቸር እምብርቶች ላይ የተሠሩበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተቀርጸው ይገኛሉ። 64 የሚል ቢያይ እ.ኤ.አ. 1964 መሆኑን ይወቅ። ይኸ የእምብርቱን ዕድሜ እንጂ የቢስክሌቱን አያመለክትም፤ ጎማው ከሌላ ቢስክሌት የመጣ ሊሆን ይችላልና። ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ ግን አይናቅ። ዘይት እየተሰጠው የኖረ የስድሳ ዓመት እምብርት፣ ደርቆ ከኖረ የአምስት ዓመት እምብርት ይሻላል። በአሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማስገቢያ ትንሽ ክዳን አለች፤ በየጊዜው ጥቂት የቀጭን ሞተር ዘይት ጠብታ ይበቃቸዋል። ክዳኗ ጠፍታ ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ፣ የቀድሞው ባለቤት ጠባይ ከዚያ ይነበባል።

ቀጥሎ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ያዙረው። የመፍጨት ድምፅ ከሰማ ኩሽኔታው ተበልቷል። ቸርኬውን ይዞ ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀንቀው ጥቂት መላወስ ቢኖር አያሠጋም፤ ብዙ ከሆነ ግን ወይ ማጥበቅ ወይ መለወጥ ይፈልጋል። ከዚያ ከዘንጉ የምትወጣውን ትንሽ ሰንሰለትና የማርሹን ሽቦ ይመልከት። ሽቦው ከተበጣጠሰ ርካሽ ጥገና ነው። ትንሿ ሰንሰለት ከጠፋች ግን ልኳንና ጥርሷን የምትመስል ማግኘት ጊዜ ይፈጃል። በዘንጉ ግራና ቀኝ ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዙት ጥርስ ያላቸው ቀለበቶች መኖራቸውንም ያረጋግጥ።

አሁን ዋናው ፈተና መጣ። ገዢው ቢስክሌቱን ወደ አንዲት አቀበት ወስዶ በየማርሹ ጠንክሮ ይርገጥ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ተቀምጦ ነው። በአሮጌው ኤ ደብልዩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ማርሽ መካከል ምንም የማይይዝበት ባዶ ቦታ አለ። የሽቦው ልክ ከተዛባ ፔዳሉ በድንገት ይከዳል፤ ቆሞ የሚረግጥም ሰው ክፉኛ ይጎዳል። በኋለኞቹ ሥሪቶች ይኸ ባዶ ቦታ ቀርቷል።

ይኸ ጠባይ ለሁለት ዓይነት ስሕተት በር ይከፍታል። አንዳንዱ ሻጭ እምብርቱ የሞተ መስሎት በርካሽ ይሸጣል፤ መድኃኒቱ ግን ሽቦውን ማስተካከል ብቻ ነው። ማርሹን በሁለተኛው ላይ አድርጎ በቀኙ ዳዶ ቀዳዳ ሲያዩት፣ ከትንሿ ሰንሰለት ጋር የተያያዘው ቀጭን ዘንግ ከትልቁ ዘንግ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሌላው ሻጭ ደግሞ ውስጡ የተበላውን ይዞ «የሽቦ ነገር ነው፣ ቤትህ ስትደርስ ታጠብቀዋለህ» ይላል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ ሽቦው ገንዘብ ሳይቈጠር እዚያው ይስተካከል። ከተስተካከለ በኋላም ፔዳሉ የሚከዳ ከሆነ የውስጡ ጥርስና መያዣ ተበልቷልና፣ ዋጋው እንደ ባለ ማርሽ ሳይሆን ማርሽ እንደሌለው ቢስክሌት ይቈጠር።

ጎማና ቸርኬ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። 26 ኢንች የሚባሉት ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ ሥሪት 26 በ1⅜ የሚለው ጎማ የሚቀመጥበት ክብ 590 ሚሊ ሜትር ነው። በተራራ ቢስክሌት ያለው 26 በ1.75 ደግሞ 559 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ለሌላው በምንም አይሆንም። ስለዚህ በጎማው ጎን የተጻፈውን ቍጥር በወረቀት ጽፎ፣ ያ ልክ በአንበሳሜ ወይም በደብረ ታቦር ሱቅ መኖሩን ከግዢው በፊት ይጠይቅ። እንደዚሁም የቸርኬውን የሽቦ ቀዳዳዎች ይቍጠር። በድሮው የእንግሊዝ ቢስክሌትና በእርሱ አምሳል በተሠራው የህንድ ቢስክሌት የፊቱ 32፣ የኋላው 40 ነው። የዛሬው ቸርኬ ብዙውን ጊዜ 36 ስለሆነ፣ ባለ 40 እምብርት ላይ አይገጥምም።

የቢስክሌቱ አካል በመሪው ሥር ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም በብየዳ የተጠገነ ከሆነ አንድ ጊዜ ተጋጭቷልና መተው ይሻላል። ፔዳሉን ይዞ ወደ ጎን ሲነቀንቁት መላወስ የለበትም። የኋላ ጭነት ማስቀመጫው መደበኛ ቀዳዳ ኖሮት በቡሎን የሚታሰር ይሁን፤ በሽቦ የተጠፈረ ማስቀመጫ በኮረት ላይ መጽሐፍንም ምሳንም ይበትናል። ቀሚስ ለምትለብስ ሠራተኛ የላይኛው ብረት ዝቅ ያለለት ዓይነት ይመቻል።

ከሁሉ በላይ ግን ፍሬን ነው። ወደ ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ያንኑ 900 ሜትር መውረዱ አይቀርም። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል፤ በደረቅ የያዘ ፍሬን በእርጥብ አይታመንም። ስለዚህ ገዢው በቸርኬው ላይ ውኃ አፍስሶ ይሞክር። ቸርኬው አልሙኒየም ከሆነ ወይም ፍሬኑ በእምብርቱ ውስጥ ከሆነ ጥቂት ብር መጨመር ይገባል። በርካሽ ዋጋ የተገዛ ፍሬን የሚያስከፍለው ብር ብቻ አይደለምና።

አዲስ የሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ምርመራ ያመለጠ ይመስለዋል። አዲስነት የሚያስተማምነው ግን የመጀመሪያውን ዓመት ነው። የባለ 8 ማርሹ ውስጥ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ፈትቶ ከመጠገን ይልቅ የውስጡ ዕቃ በሙሉ ይለወጣል፤ ያም ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዛሬ የሚገዛው ቢስክሌት የነገው መለዋወጫ በምን ዋጋ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ሲገዛ የማርሽ ሽቦና አንድ የኋላ ጥርስ በተጨማሪ አብሮ ይግዛ። ሻጩም የኋላውን ጎማ በፊቱ ፈትቶ መልሶ እንዲያስር ይጠይቀው። ሻጩ ያልቻለውን ገዢው በእስቴ መንገድ ላይ በዝናብ ሊሠራው አይችልም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር፣ ከኋላው መካኒክና ተለዋጭ ጎማ የጫነ መኪና ይከተለው ነበር። የወረዳ ሠራተኛን ግን የሚከተለው የለም።

በመጨረሻ ሦስቱን ምርጫዎች በወረቀት እናስላቸው። የምንጠቅሳቸው ቍጥሮች ለስሌት ምሳሌ ብቻ ናቸው፤ ገዢው የዕለቱን ዋጋ ይተካባቸው።

አንደኛው፣ 8,000 ብር የተገዛ የተጎሳቈለ ቢስክሌት ነው። 9,000 ብር ጥገና ወስዶ፣ በዓመት 3,000 ብር እየበላ ሁለት ዓመት አገልግሎ በ1,000 ብር ተሸጠ። የአንድ ዓመት ዋጋው 11,000 ብር ነው። ሁለተኛው፣ እምብርቱ ጤነኛ የሆነ ያገለገለ ባለ ሦስት ማርሽ ነው። በ15,000 ብር ተገዝቶ፣ 5,000 ብር ጥገና ወስዶ፣ በዓመት 1,500 ብር እየፈለገ አምስት ዓመት አገልግሎ በ5,000 ብር ተሸጠ። የዓመት ዋጋው 4,500 ብር ነው። ሦስተኛው፣ በ60,000 ብር የተገዛ አዲስ ባለ 8 ማርሽ ነው። በዓመት 2,000 ብር እየፈለገ ዐሥር ዓመት አገልግሎ በ20,000 ብር ተሸጠ። የዓመት ዋጋው 6,000 ብር ነው። እንግዲህ በገበያው ላይ ከሁሉ የረከሰው በመንገዱ ላይ ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 1,500 ብር ብቻ ነው። ደብረ ታቦርን በየሳምንቱ የሚወጣ ሰው ይኸን ቢከፍል ለጉልበቱ ይገባዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ ግን ያንን ቀን በአውቶቡስ ይሂድ።

ስምምነቱ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። በቢስክሌቱ አካል ላይ የተመታው ቍጥር፣ የሻጩ ስምና የመታወቂያው ቍጥር፣ የተከፈለውም ብር በወረቀት ሰፍሮ በሁለት ምስክር ፊት ይፈረም። ይኸን እሺ የማይል ሻጭ ዕቃው የእርሱ ላይሆን ይችላል። በተሰረቀ ቢስክሌት የተያዘ ሠራተኛ ብሩንም ስሙንም ያጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ገበያ ስትወጣ የምትይዘው ከብሩ ሌላ ትንሽ ነው፤ ለዳዶው የሚሆን መፍቻ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ቢቻል ደግሞ አንድ የሚያውቅ ወዳጅ። ሻጩም «በዚህ ሜዳ ላይ ሞክረው» ሲልህ አመስግነህ፣ ዳገት ያለበትን ሰፈር ጠይቀው።